ልጄ ለምን አላደገም? ቫይረሱ በደማቸው ስላለ ልጆች የተላኩ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከጎንደር ከተማና ከዙሪያው ወረዳዎች ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው ስለሚገኝ ልጆች ጤናና እድገት የሚያነሡ ናቸው። ጠያቂዎቹ እናቶችና አባቶች፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚያሳድጉ አያቶችና አክስቶች ናቸው። ማንነታቸውን የሚገልጠውን አስቀርቼ፣ ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቅርቤአለሁ። የአንድን ልጅ መድኃኒት የመለወጥም ሆነ መጠኑን የማስተካከል ውሳኔ ግን ልጁን መዝኖና መርምሮ የሚከታተለው ባለሙያ ድርሻ ነው።

«ልጄ 9 ዓመቱ ነው። መድኃኒት የጀመረው ብዙ ከታመመ በኋላ፣ በ5 ዓመቱ ነበር። አሁን ጤናው ደኅና ነው፤ ነገር ግን የ7 ዓመት እኅቱ በቁመት በልጣዋለች። የሰፈር ልጆች ‹ድንክ› ይሉታል። ገና ያድግ ይሆን?» (እናት፣ ከአዘዞ)

አዎን፣ ያድጋል። ምን ያህል እንደሚያድግ ግን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርዎ አይችልም። ልጅዎ መድኃኒት ሳይጀምር ባሳለፋቸው ዓመታት የበላው ምግብ በአብዛኛው ሰውነቱ ከቫይረሱ ጋር ለሚያደርገው ትግል ይውል ነበር፤ በዚያ ላይ የሚመላለስ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ የአፍ ቁስልና የምግብ ፍላጎት ማጣት ሲጨመርበት አጥንቱ ለማደግ የሚተርፈው ነገር አልነበረም። መድኃኒቱ ሲጀመር ክብደት በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ቁመት ግን ዓመታትን የሚጠይቅ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የጎደለው ሙሉ በሙሉ ላይሞላ ይችላል። ሕክምናው ቀደም ብሎ በተጀመረ ቁጥር የሚካሰው እድገት የበለጠ ይሆናል። ቀደም ብሎ መጀመር ከቁመትም በላይ ሕይወት ያተርፋል፦ በደቡብ አፍሪካ የተካሄደና ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ዕድሜ ላይ ሳሉ ወዲያውኑ መድኃኒት የተጀመረላቸው ሕፃናት ሞት፣ ሕመሙ እስኪጠና ከተጠበቀላቸው ጋር ሲነጻጸር በ76 በመቶ ቀንሷል።

አሁን ልጅዎን ከእኅቱ ጋር ማስተያየቱን ይተዉትና ከራሱ ጋር ያስተያዩት። በክትትል ካርዱ ላይ ያለው የክብደትና የቁመት መስመር ከዓምናው ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ፣ ከሌሎች ልጆች በታች ቢሆንም እንኳ እያደገ ነው። ለወራት ጠፍጣፋ ሆኖ ከቆየ ወይም ካሽቆለቆለ ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት። በመጀመሪያ የሚታየው የቫይረስ ሎድ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን፣ ውጤቱ ነው፤ ቫይረሱ ካልታፈነ እድገት አይታሰብም። ቀጥሎ ሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት፤ ልጆች ላይ ሳሉ ሳይጎላ ክብደት አለመጨመር ብቻ ምልክቱ ሊሆን ይችላልና። በቤት ውስጥ የሚያስል አዋቂ ካለ ይህን ለባለሙያው መናገር አይርሱ።

ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው፣ የመድኃኒቱ መጠን ነው። የልጆች መድኃኒት የሚታዘዘው በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ሲሆን፣ መጠኑ የሚቀየርባቸው ደረጃዎችም 3፣ 6፣ 10፣ 14፣ 20 እና 25 ኪሎ ናቸው። ስለዚህ በሚዛኑ ላይ የሚሆነው ነገር ቀላል አይደለም። ልጁ ጫማውን እንዳጠለቀ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ፣ ኪሱ በብይ ተሞልቶ ሲመዘን አይቻለሁ፤ ወረፋው በረዘመበት ቀን ደግሞ ያለፈው ወር ክብደት እንዳለ ሲገለበጥ አይቻለሁ። 19 ኪሎ ተኩል የሆነና 20 የሞላ ልጅ በልብስ ክብደት ሊምታቱ ይችላሉ። ስለዚህ ልብሱ ቀሎ፣ ባዶ እግሩን እንዲመዘንና ቁመቱም ጀርባውን አስደግፎ እንዲለካ በትሕትና ይጠይቁ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ የጤና ባለሙያዎችን ስታፈራ በኖረች ከተማ የሚኖሩ እናት ይህን ለመጠየቅ ሊያፍሩ አይገባም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቫይረሱ ጋር የተወለዱ ልጆች የጉርምስና ምልክት ሊዘገይባቸው ይችላል፤ በዚህም የተነሣ እኩዮቻቸው ማደግ ባቆሙበት ዕድሜ እነርሱ ገና ሊመዘዙ ይችላሉ። ስድቡን በተመለከተ፣ የልጅዎን የጤና ሁኔታ ሳይገልጹ ስድቡን ብቻ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ይንገሩ።

«የልጅ ልጄ 6 ዓመቷ ነው፤ ወላጆቿ የሉም። ምግብ አልበላ ብላ ከስታብኛለች። በሁዳዴ እንቁላልና ወተት ብሰጣት ይከፋ ይሆን? ምንስ ላብላት?» (አያት፣ ከደምቢያ)

እናቴ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም፤ የታመመ ሰውም እንዲሁ። ልብዎ እንዲያርፍ ከፈለጉ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ «መድኃኒት ላይ ያለች ሕፃን ናት» ማለት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ የመዘርዘር ግዴታ የለብዎትም። 7 ዓመት ሲሞላትም መድኃኒት ላይ ያለች ልጅ ናትና ጥያቄውን ያኔ እንደገና ያንሡት።

ቫይረሱ በደሙ ያለ ልጅ ምንም የሕመም ምልክት ባይኖርበትም ከሌላው ልጅ 10 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል ሰጪ ምግብ ያስፈልገዋል፤ ከታመመ በኋላ ሲያገግም ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ እየከሳ ከሆነ ደግሞ ከ50 እስከ 100 በመቶ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ በትንሽ ሆዷ ማስገባት አይቻልም፤ ስለዚህ ቀኑን በ3 ዋና ምግብና በመካከሉ በ2 መክሰስ ይከፋፍሉት። ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም። የሽሮው ወጥ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩበት፣ ገንፎው በቅቤ ወይም በዘይት ይለውስ፣ አጥሚቱ በወተት ይሠራ። ከመተማ በኩል የሚመጣው ሰሊጥ፣ የተፈጨ ለውዝና ተልባ በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል ይሰጣሉ። ለእናንተ ለደምቢያዎች ደግሞ የጣና ዓሣ ቅርብ ነው፤ እሾሁን በደንብ ለቅመው ይስጧት። ዱባ፣ ካሮትና ጎመን አይለዩዋት።

ከሁሉ በፊት ግን ለምን እንደማትበላ ይወቁ። አፏን ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱ፤ ምላሷና ጉንጯ ውስጥ ሲፈቀፈቅ የሚደማ ነጭ ሽፋን ካለ ስትውጥ ያማታል፣ ሕክምናም አለው። የተበላሸ ጥርስም ምግብ ያስጠላል። እየከሳች መሆኗን እርስዎ ራስዎ ስላዩ ቀጠሮዋን ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። እግሯ ካበጠ ወይም የበላችው ሁሉ ከወጣ ደግሞ በዚያው ቀን ይሂዱ። እዚያ ፕላምፒ ነት (ለከሱ ልጆች የሚሰጥ፣ ከለውዝ የተዘጋጀ የታሸገ ምግብ) ከታዘዘላት ለእርሷ ብቻ የታዘዘ መድኃኒት ነውና ለቤቱ ልጆች ሁሉ አይከፋፈል። ሌሎቹ ልጆች እያዩ እርሷ ብቻ ስትበላ ማየት ለአያት አንጀት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለእነርሱም በዚያው ሰዓት ቆሎም ቢሆን ይስጧቸው።

«ለ4 ዓመት ልጄ ደም ማነስ አለው ተብሎ የብረት ሽሮፕ ታዘዘለት። ከኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ጋር ይጋጫል?» (አባት፣ ከማራኪ)

ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ብረት፣ ካልሲየምና ዚንክ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። ዶሉቴግራቪሩንና ብረቱን ከምግብ ጋር አብሮ ከወሰዳቸው ችግር የለውም፤ በባዶ ሆዱ ከሆነ ግን ዶሉቴግራቪሩን ከብረቱ 2 ሰዓት አስቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይውሰድ። ለጨጓራ የሚሰጡ፣ አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ያለባቸው መድኃኒቶች ከምግብ ጋርም ቢሆን ይህንኑ የሰዓት ርቀት ይፈልጋሉ።

ልጅዎ የሚወስደው በውኃ የሚሟሟውን እንክብል ከሆነ፣ በንጹሕ ውኃ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ በጥብጠው በ30 ደቂቃ ውስጥ ያጠጡት። ከጠጣ በኋላ የኩባያውን ሥር ይመልከቱ፤ ዝቃጭ ከቀረ ጥቂት ውኃ ጨምረው፣ አዙረው፣ ያንንም ያጠጡት፤ የታዘዘለት መጠን የሚሞላው ያኔ ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስታወከው ይደገምለት።

«ወንድ ልጅ ከወለድኩ 2 ወር ሆነኝ። መድኃኒት የጀመርኩት ሳላረግዝ ነው። በ6 ሳምንቱ የተመረመረው ነጻ ነው ተባለ። ጎረቤቴ ‹ጡት አቁመሽ የቆርቆሮ ወተት ስጪው› ትለኛለች።» (እናት፣ ከቀበሌ 18)

አያቋርጡ። መድኃኒትዎን በትክክል እየወሰዱና የቫይረሱ መጠን ዝቅ ብሎ እስካለ ድረስ ጡትዎ ለልጅዎ ከቆርቆሮ ወተት ይሻለዋል። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይጥባ። ውኃ፣ የአብሽ ውኃ፣ በእኛ አገር ለአራስ ልጅ የሚዋጠው ቅቤም ቢሆን አይሰጠው፤ ጡትን ከሌላ ነገር ጋር ማቀላቀል ገና ያልጠነከረውን አንጀቱን ስለሚጎዳ ቫይረሱ የሚገባበትን ዕድል ይጨምራል። ከ6 ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ ጀምረው፣ ጡቱን እስከ 2 ዓመት መቀጠል ይችላሉ።

የ6 ሳምንቱ ውጤት ትልቅ የምሥራች ነው፤ የመጨረሻው ግን አይደለም፤ ልጁ እስከጠባ ድረስ የመጋለጥ ዕድሉ አልተዘጋም። ከ18 ወር በፊት የሚደረገው ምርመራ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ነው፤ ተራው ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን ጸረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህም ከእናት ወደ ልጁ የተላለፈ ሊሆን ስለሚችል አያስተማምንም። ስለዚህ የተሰጡዎትን የምርመራ ቀጠሮዎች ሁሉ ጡት ካቆሙ በኋላ እስከሚደረገው ድረስ ያክብሩ፤ ከሌሎች ሕመሞች እንዲከላከልለት የሚሰጠውን ኮትሪሞክሳዞልም ባለሙያው አቁሚ እስኪልዎት ድረስ ይስጡት።

«የሟች እኅቴን ልጅ አሳድጋለሁ። 11 ዓመቷ ነው። መድኃኒቱን ‹ለሳንባሽ ነው› ብያት ኖሬአለሁ። አሁን ‹ሳንባዬ መቼ ነው የሚድነው?› ትለኛለች። ለጥምቀት እንግዳ ቤቱን ሲሞላው መድኃኒቱን ዱቄት ውስጥ ደበቅሁት፤ እርሷም አየችኝ።» (አክስት፣ ከአራዳ)

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው። ልጅቱ ጠይቃለች፤ እርስዎ ሲደብቁም አይታለች፤ ስለዚህ አንድ ነገር እንደተሸሸጋት ዐውቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆች የራሳቸውን የጤና ሁኔታ እንደ መረዳት ዐቅማቸው ደረጃ በደረጃ እንዲያውቁ ይመክራል። 11 ዓመት ከዚህ አንጻር የዘገየ እንጂ የቸኮለ አይደለም። ዛሬ ልጆች የእሽጉን ጽሑፍ አንብበው በስልክ ይፈልጉታል፤ ብቻዋን ደርሳበት ከምትደነግጥ ከሚወዳት ሰው አፍ ብትሰማው ይሻላል። ብቻቸውን ደርሰውበት ያወቁ ልጆች የሚያሳድጓቸውን ሰዎች ማመን ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ጉርምስናው ሲመጣም መድኃኒቱን በስውር ሊጥሉት ይችላሉ።

ብቻዎን አይጋፈጡት። መድኃኒት በምትወስድበት ክፍል ያለውን አማካሪ አስቀድመው ያነጋግሩና ቀኑን አብራችሁ ምረጡ፤ የፈተና ሳምንት ወይም የእናቷ ሙት ዓመት አይሁን። የምታውቀውን በመጠየቅ ይጀምሩ፦ «ይህ መድኃኒት ለምን ይመስልሻል?» ከዚያ ደምን የሚጠብቁ ወታደሮች እንዳሉ፣ እነርሱን የሚያጠቃ ቫይረስ በደሟ እንዳለና መድኃኒቱ እንዳስተኛው ይንገሯት። ስሙንም ይጥሩላት፤ ስሙ ሳይነገር የቀረ እንደ ሆነ ከትምህርት ቤት ግድግዳ ወይም ከሰው ሐሜት መስማቷ አይቀርም። «ለሳንባሽ ያልሁሽ ትንሽ ስለነበርሽ ነው» ብለው ይቅርታ ይጠይቋት።

ሁለት ነገር ሳትሰማ አትነሣ። አንደኛው፣ አብሯት የተወለደ እንጂ እርሷ ባጠፋችው የመጣ እንዳልሆነ፤ እናቷም ወድዳ እንዳላስተላለፈችው። ሁለተኛው፣ መድኃኒቷን ከወሰደች እንደምትማር፣ እንደምታገባና ከቫይረሱ ነጻ የሆኑ ልጆች ልትወልድ እንደምትችል። ልታለቅስ፣ ዝም ልትል ወይም ምንም እንዳልሰማች ሄዳ ልትጫወት ትችላለች፤ ጥያቄው የሚመጣው ከቀናት በኋላ፣ ምናልባት ቡና ሲፈላ ነው፤ ያኔም በዚያው ልክ ይመልሱላት። ለማን መንገር እንደምትችልም አብራችሁ ተነጋገሩ። መድኃኒቱን ከዱቄቱ አውጥተው ከእርጥበትና ከሕፃናት እጅ በራቀ፣ እርሷ ግን በምታውቀው ቦታ ያስቀምጡት።

«ልጄን ጠበል ላስጠምቀው ነው። መድኃኒቱን ላቁም?» (እናት፣ ከጎንደር ዙሪያ)

አንድ ቀንም ቢሆን አያቁሙ። ሁለቱ እንደማይጋጩና አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በይፋ ተናግረዋል። ጠዋት ሳይቀምስ የሚጠመቅ ከሆነ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን መድኃኒት ሰዓት ወደ ማታ ለማዞር ባለሙያውን ይጠይቁ። በጠበሉ ቦታ የሚሰነብቱ ከሆነ የሚበቃውን ይዘው ይሂዱ፤ በማደሪያውም ከሚያስሉ ሰዎች ራቅ አድርገው ያስተኙት።

«ለአጨዳ ወደ መተማ ቤተሰቡን ይዤ እወርዳለሁ። የልጄ ክትትል እንዴት ይሁን?» (አባት፣ ከአርማጭሆ)

ከመሄድዎ በፊት ለሚከታተሉት ባለሙያ ይንገሩ። ለአጭር ጊዜ ከሆነ የሚበቃ መድኃኒት እንዲሰጥዎ፣ ለረጅም ጊዜ ከሆነ የዝውውር ወረቀት እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፤ ወረቀቱ የመጨረሻውን ክብደት፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ የመጨረሻውን የቫይረስ ሎድ ውጤት መያዙን ያረጋግጡ። መንገድ በሚዘጋበት ወቅት ቀጠሮን እስከ መጨረሻው ቀን ማቆየት አደጋ ስላለው፣ ጥቂት ቀደም ብለው ይቅረቡ። መድኃኒቱን ከቆላው ፀሐይ ጠብቀው በጥላ ያኑሩት። መተማ ቆላማና የወባ አገር ነውና ልጁን አጎበር ውስጥ ያስተኙት፤ ካተኮሰው በዚያው ቀን ያስመርምሩት፣ ለሐኪሙም የሚወስደውን መድኃኒት ያሳዩት።