የሕፃናት ሕክምናና የሕሙማን ደኅንነት፦ ጥያቄና መልስ

በሰሜን ሸዋ በሚገኝ ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ የጥራትና የሕሙማን ደኅንነት ክፍሉንም እመራለሁ። የቀረቡልኝን ጥያቄዎች በቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ።

የሕክምና ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን፦ ዶክተር፣ ሕፃናትን ማከም ሲችሉ ስለ ምን ወደ ጥራት ሥራ ገቡ?

መልስ፦ ሕፃናትን ማከሜን አልተውኩም። ለአዋቂ የሚታዘዘው መጠን ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ሲሆን፣ በእኛ ክፍል ግን 2 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላና 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ተረኛ እጅ ስለሚታከሙ እያንዳንዱ ትእዛዝ ስሌት ይጠይቃል፤ ስሌት ባለበት ሁሉ ደግሞ ስህተት የሚገባበት ቀዳዳ አለ። በ1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጤና አገልግሎት ማሻሻያ ተቋምን ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት ዶናልድ በርዊክም የሕፃናት ሐኪም ናቸው።

ጠቅላላ ሐኪም፣ አረርቲ፦ ደመወዙስ?

መልስ፦ ይህን የሰው ሀብት ክፍልን ይጠይቁ።

ነርስ፣ ሸዋ ሮቢት፦ የመጠን ስህተትን በምን እንቀንስ?

መልስ፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ጀንታማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መርፌ ብዙ ጊዜ የሚመጣልን በአንድ ብልቃጥ 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊሊትር ሆኖ ነው። 4 ኪሎ ለሚመዝን ጨቅላ በኪሎ 5 ሚሊግራም ቢታዘዝ 20 ሚሊግራም፣ ማለትም 0.5 ሚሊሊትር ይሆናል። ሐኪሙ ዜሮዋን ትቶ ነጥብና አምስት ብቻ ቢጽፍ፣ ነጥቧም ብትደበዝዝ፣ 5 ሚሊሊትር ተብሎ ይነበባል፤ ይህም ኩላሊትንና መስማትን የሚጎዳ አሥር እጥፍ መጠን ነው። ስለዚህ ከነጥብ በፊት ዜሮ ይጻፍ፤ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ነጥብና ዜሮ አይጨመር። ለአንድ ጨቅላ ሁለተኛ ብልቃጥ መክፈት ያስፈለጋት ነርስም እጇን ሰብስባ ሐኪሙን ትጠይቅ። ከሁሉ በፊት ግን ልጁ ሳይመዘን መጠን አይታዘዝ።

ፋርማሲስት፣ መሐል ሜዳ፦ የተሳሳተ ካልተቀጣ ማን ይጠነቀቃል?

ነርስ፣ ሸዋ ሮቢት፦ ወንድሜ፣ ሌሊት ብቻዬን ዋርድ ሙሉ ሕፃናት ይዤ ቅጣት ምን ያስተምረኛል?

ፋርማሲስት፣ መሐል ሜዳ፦ የሰው እጥረት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔ የምለው ስለ ኃላፊነት ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ታገሡ። አውቆ ያጠፋ ይጠየቃል። ሳይበጠበጥ በደም ሥር ከተሰጠ ልብን የሚያቆመው ፖታሲየም ክሎራይድ መድኃኒት መበጥበጫ ከሆነው የውኃ ብልቃጥ ጎን ተደርድሮ ሳለ የተሳሳተችውን ነርስ ብቻ ብንቀጣ ግን፣ ብልቃጡ እዚያው ቆይቶ ቀጣይዋን ይጠብቃል። ፖታሲየሙን ከዋርድ ማውጣት ይቀድማል። ስህተቱን ያመለከተ ሰው ከተቀጣም ዳግመኛ ማንም አያመለክትም፤ እኛም የማናየውን ችግር ማረም አንችልም።

ስም ያልጠቀሱ፦ ጥራትን እንዴት ማሻሻል ይቻላል?

መልስ፦ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ችግር እንደሆነ ሳይነገረኝ ልመልስ አልችልም። ለይተው ይጠይቁ።

እናት፣ ደነባ፦ ዶክተር፣ ልጄ ሲተኛ እኔ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ «ዛሬ ተመዝኗል ወይ? ይህ መርፌ የምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መጠየቅዎ ድፍረት አይደለም። ያለ ቀኑ የተወለደ ከሆነ ደግሞ፣ ደብረ ብርሃንን በመሰለ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ብርዳም አገር ቅዝቃዜው ራሱ ጨቅላን ይገድላል፤ ገላውን ከገላዎ አጣብቀው ይያዙት፣ ሙቀቱም ከ36.5 ዲግሪ እንዳይወርድ ያስለኩ።

ተለማማጅ ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን፦ ክብደቱን በዓይን መገመት ይቻላል?

መልስ፦ ከላይ መልሼዋለሁ፤ አይቻልም። ሕይወት ለማትረፍ የደቂቃ ጊዜ በሌለበት ድንገተኛ ሁኔታ የልጁን ቁመት ለክቶ ክብደቱን በሚጠቁመው ጥብጣብ ይገመታል፤ ልጁ እንደተረጋጋ ግን ይመዘናል፣ ትእዛዙም በተመዘነው ክብደት እንደገና ይጻፋል።