«ትልቁን ቤተ መጻሕፍት ካየሁ ወዲህ ማንበብ አቃተኝ»

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነው። ትምህርቴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ባያልፍም መጽሐፍ ከእጄ ጠፍቶ አያውቅም። ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ የታሪክ ወይም የሃይማኖት ክርክር ከተነሣ «እስቲ እሷን ጠይቋት» ነው የሚባለው። ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት እኅቴን ልጠይቅ አዲስ አበባ ሄጄ ልጇ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን አስጎበኘችኝ። ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ስዘዋወር የዘርፉ ስም እንኳ የማይገባኝ መጽሐፍ በዛብኝ። በግምጃ ቤቴ ያለችው እያንዳንዷ ብሎን የት እንደተቀመጠች መብራት ጠፍቶም ብጠየቅ እናገራለሁ። እዚያ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አነበብኩ ያልኩት ሁሉ ባዶ ሆኖ ታየኝ።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ስገልጥ «ይህን ብጨርስስ ምን ይሞላል?» እያልኩ መልሼ እከድነዋለሁ። ቡና ላይ ሲጠይቁኝም ዝም እላለሁ፤ «ኮራች» ይሉኝ ጀምረዋል። ልጄ ደግሞ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ዩኒቨርሲቲ ካልገባሽ ብላ ይዛኛለች። በዚህ ዕድሜዬ ከእርሷ እኩዮች ጋር አንድ ወንበር ላይ? ማንበቡንስ ልተወው ወይስ ልግፋበት? ምክርዎን እጠብቃለሁ።

የግምጃ ቤቷ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

እኅቴ፣

ከቁጥር ጋር የሚውሉ ሰው ነዎትና በስሌት ልጀምር። በየሳምንቱ አንድ መጽሐፍ፣ ያለ ሕመም፣ ያለ ሠርግና ያለ ለቅሶ ቤት፣ ለ50 ዓመት ያነበበ ሰው 2,600 መጻሕፍት ይጨርሳል። አብርሆት ከ1 ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት እንዲይዝ ሆኖ የተሠራ ነው። የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ካርታውን፣ ፎቶግራፉንና የድምፅ ቅጂውን ጨምሮ ከ170 ሚሊዮን በላይ ንብረት አለው። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ፊት እርስዎና አንድ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ጎን ለጎን ብትቆሙ ሁለታችሁም ከመቶ አንድ እጅ አትደርሱም። እርስዎ ብቻ ያነሱ መስሎዎት ወደ ኮምቦልቻ መመለስዎ ነው ያልገባኝ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛስ ያን ሁሉ አንብቦት ይመስልዎታል? የእርሱ ዕውቀት የእርስዎ ዓይነት ነው፤ ምን የት እንዳለ ያውቃል። ይህ ሙያ በወሎ ምድር እንግዳ አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ በሚያገኙት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በአበምኔቱ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ወንጌል አለ። በዚያ ወንጌል ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። እንደ እርስዎ ግምጃ ቤት የዕቃ መመዝገቢያ ካርድ፣ ቢን ካርድ በሉት! (እርስዎ ሴት በመሆንዎ ገዳሙ አያስገባዎትም፤ ይህን ቅሬታ ለሌላ ቀን እናቆየው።) በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ያንን ወንጌል 1832 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል፤ ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ይገኛል።

ትልቅ የሚባለውም ቤት ቢሆን ይጎድለዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ ካሰባሰቧቸው ብራናዎች ከ300 በላይ የሚሆኑት ከ1860 ዓ.ም. ጦርነት ጀምሮ ለንደን ናቸው። አዲስ አበባ ያለ ተመራማሪ ያን ብራና እጁ ላይ ማየት ቢፈልግ ቪዛ ያስፈልገዋል። እርስዎ አንድ መጽሐፍ ቢጎድልዎት ይህን ያህል ምን ያሳፍራል?

ከዩኒቨርሲቲው ጥያቄ በፊት ግን የአገርዎን ልማድ ያስታውሱ። የወሎ ደረሳ (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) ከአንዱ ሸህ ዘንድ ፊቅህ፣ ማለትም የሃይማኖቱን ሕግ፣ ተምሮ ሲጨርስ ለነሕው፣ ለዐረብኛ ሰዋስው፣ ወደ ሌላው ይሄዳል። በፊተኛው ቤት ታናናሾቹን ሲያስቀራ (ሲያስተምር) የነበረ ሰው በአዲሱ ቤት ኪታቡን ይዞ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። በቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው ነው፤ በዜማ የተመሰከረለት መሪጌታ ቅኔ ቤት ሲገባ ለቆሎ ተማሪ የሚነገረው ይነገረዋል፤ ከመጀመሪያው፣ ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና፣ መቁጠር ይጀምራል፤ ከእርሱ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ያርመዋል። ማንም «ወረደ» አይለውም። እንዲያውም ከቤት ወደ ቤት ያልዞረ፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሁሉን አውቃለሁ የሚል ነው የሚጠረጠረው። አብርሆት ውስጥ የዘርፉ ስም የጠፋብዎት መደርደሪያ ያልገቡበት ቤት ነው። ሁሉም ቤት መግባት የለብዎትም። አንዱን ይምረጡ፤ ለምርጫው ደግሞ ቡና ላይ ተጠይቀው ያልመለሱትን ጥያቄ በደብተር ይያዙ። ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ የትኛውን መጽሐፍ እንደሚሹ ይነግርዎታል።

አሁን ቅር የሚያሰኝዎትን ልናገር። ዝምታዎን ትሕትና ብለው ከቆጠሩት አልስማማም። ድሮ የሚያውቁትን ሲናገሩ ይደሰቱ ነበር፤ ዛሬ የማያውቁትን ላለማሳየት አፍዎን ይዘጋሉ። ሁለቱንም የሚያዘው አንድ ጌታ ነው፤ ጎረቤቶችዎ «ኮራች» ማለታቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። «ይህን አላውቀውም፤ ፈልጌ እነግራችኋለሁ» ብለው ስኒዎን ያንሡ። ሲያገኙት ደግሞ ይንገሯቸው።

ምዝገባውን በተመለከተ፣ ዲግሪውና ንባቡ ለየቅል ናቸው። ትምህርቱ ለደመወዝዎና ለዕድገትዎ የሚጠቅም ከሆነ ይመዝገቡ። ቡና ላይ የተሰጠዎትን ስም ለማስመለስ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘብዎን ይቆጥቡ፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መታወቂያ ይበቃዎታል። በእኔ ግምት የንብረት አስተዳደር ወይም ሒሳብ ቢያጠኑ ይሻላል። ከልጅዎ እኩዮች ጋር መቀመጥዎም አያስጨንቅዎት፤ መምህሩ ስለ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22፣ ስለ ንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኞች፣ ማስረዳት ሲጀምር ማስታወሻ ሊዋሱ የሚከቡት እርስዎን ነው።