«ፉከራ» ስድብ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ እዚሁ አዳማ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ለዓድዋ በዓል የልጆቹን ዝግጅት የማስተባብረው እኔ ነኝ። የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «ፉከራ፦ በ6ኛ ክፍል ተማሪዎች» ብዬ ጻፍኩ። አንዷ ባልደረባዬ «ፉከራማ ጉራ ነው፤ የጀግንነት ግጥም በይው» አለችኝ። ሌላው ደግሞ «ቀረርቶ ነው የሚባለው» አለ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እንደምን ሰነበቱ መምህርት። ወረቀቱን አይቀይሩት። ልጆቹ እየተንጎራደዱና ዱላ እያወዛወዙ ግጥም የሚሉ ከሆነ፣ ስሙ ፉከራ ነው።

ባልደረባዎ ግን እንዲሁ አልተናገሩም። ዛሬ ሰፈር ውስጥ «ተወው ባክህ፣ ፉከራ ብቻ ነው» ሲባል፣ አፉ እንጂ እጁ አይሠራም ማለት ነው። ቃሉ ወርዷል። ከየት እንደወረደ ግን ልጆቹ ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ግሶቹ ሦስት ናቸው፤ አቅራራ፣ ሸለለ፣ ፎከረ። አቅራሪው ድምፁን ይስባል፤ ቀረርቶ ረጅም ትንፋሽ ይፈልጋል። ሽለላ ፈጠን ይላል፣ ምት አለው። አድማጩን ይጎተጉታል፣ ፈሪውን ያሳፍራል። እነዚህን ሌላ ሰው ለጀግናው ሊያደርግለት ይችላል። ፉከራ ግን የባለቤቱ ነው። ቀረርቶውን ሲሰማ ደሙ የፈላው ሰው «ዘራፍ!» ብሎ ከመቀመጫው ይነሳል። ያን ጊዜ ዜማው ይቀርና ስንኙ በንግግር ይወረወራል። እርግጥ ድንበሩ እንደየአካባቢው ይለያያል፤ አንዱ ሽለላ የሚለውን ሌላው ቀረርቶ ይለዋል። ስለዚህ ቀረርቶ ባሉት ባልደረባዎም አይፍረዱ።

ሰዋስዉን ልብ ይበሉልኝ። ፎካሪው ብዙ ጊዜ «እኔ» ብሎ አይጀምርም። ራሱን እንደ ሌላ ሰው ይጠራል፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ አሽከር፣ ገዳይ! ትልልቆቹ ደግሞ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። እዚህ ላይ «አባ» የፈረሱ ጌታ ማለት ነው፤ ዳኘው የፈረሱ ስም ነው።

ራስን እንዲህ ማስተዋወቅ ለምን አስፈለገ? ሰሚ ስላለ ነው። ዘማቹ ከጦርነት ሲመለስ በአለቃው ፊት ግዳይ ይጥልና ይፎክራል። አብረውት የተዋጉት እዚያው ቆመው ይሰማሉ። ያልሠራውን ሠራሁ ቢል የሚያጋልጠው አጠገቡ አለ። ፉከራ በግጥም የሚሰጥ ቃል ነበር፤ ምስክር ያለው ቃል።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ሁለት አርበኞች ነበሩ። ሚያዝያ 27 ሲደርስ አንደኛው ጋቢያቸውን አውልቀው ለጓደኛቸው ያስይዛሉ። ምርኩዛቸውን እንደ ጠመንጃ ያነግቡና ይነሳሉ። ሁለት ስንኝ ብለው ዞር ይላሉ፤ ጓደኛቸው ጋቢውን ታቅፈው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ይቀጥላሉ። አንድ ዓመት ጋቢ ያዡ አረፉ። በሚቀጥለው ሚያዝያ «ጋሼ፣ ይፎክሩልን እንጂ» ብለን ለመንናቸው። ጋቢያቸውን አላወለቁም። «ማን ሊመሰክርልኝ?» አሉን።

ቃሉ የወረደው እንደዚህ ይመስለኛል። ምስክሩ ሲጠፋ ፉከራ ጉራ ሆነ። ዘሩ ግን አልከሰረም። ሁለት ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ ሲፎክር «ተፎካከሩ» ይባላል፤ ፉክክር የመጣው ከዚያ ነው። ዜናው ላይ «ተፎካካሪ ፓርቲ» የሚለው ሰው ሁሉ ፉከራን እየጠራ ነው።

«ሰለባ»ም ተገልብጧል። ድሮ ገዳይ ከጠላቱ ወስዶ የሚያመጣው ነበር። ዛሬ «የጎርፍ ሰለባ» ስንል የምናዝነው ለተጎዳው ነው። ይኼኛው መገልበጥ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ «የጀግንነት ግጥም» ልምጣ። ስህተት የለበትም፤ ግን ይጠባል። የጦርነት ግጥም ጀግንነት ብቻ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲያጠፉ የተባለውን ይውሰዱ፤

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አላውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

«በረከተ» በዛ ማለት ነው፤ ዛሬ ተበራከተ እንላለን። መቅደላ ላይ የሞተው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ገጣሚው ግን «ወንድ» ብሎ የቆጠረው አንድ ነው። ሟቹን አነሣው፣ ከድተው የሄዱትን ደግሞ ስም ሳይጠራ ወቀሰ። ሙሾ ነው፣ ውዳሴ ነው፣ ክስም ነው። ያውም በሁለት ስንኝ! ልጆቹ ይህን ቢያጠኑት እመኛለሁ።

የዓድዋውም አለ፤ «ገበየሁ ቢሞት ተተካ ባልቻ፣ መድፍ አገላባጭ ብቻ ለብቻ።» ፊታውራሪ ገበየሁ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ወደቁ። ስንኙ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተተካ፣ ምን እንደሠራ ይናገራል። ጋዜጣ ባልነበረበት ጊዜ አገር ወሬውን የሚሰማው በዚህ ነበር። ደግሞም በጽሑፍ ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ የአማርኛ ጽሑፎች መካከል በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን ለነገሥታት የተገጠሙ የድል ግጥሞች ይገኙበታል። ቋንቋችን ብዕር ሲይዝ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የልጆቹን ክፍል «ፉከራ» ይበሉት። ቀድሞ በዜማ የሚያሟሙቅ ተማሪ ካለ «ቀረርቶና ፉከራ» ይሁን። የመቅደላውን የምትል ልጅ ከተገኘች ለብቻ «ሙሾ» ብለው ይጻፉላት።

አንድ ነገር ልጨምር። አዳማ ላይ ነዎትና፣ ክፍልዎ ውስጥ ቤታቸው ጌራርሳ እየሰሙ ያደጉ ልጆች አይጠፉም። ጌራርሳ የጀግናን ሥራ ያወሳል፤ ነገር ግን በዜማ ነው የሚባለው፣ የሆድ ብሶትም ይገባበታል። ልጆቹ ካቀረቡት በራሱ ስም ይጻፉት። «የኦሮምኛ ፉከራ» እንዳይሉት አደራ።