ዋጋውን ማን እንደሚቆርጠው ጠይቁ

ዲያስፖራ ወዳጆቼ፣ ክረምት መጥቶ ከየሀገሩ ድሬዳዋ ስትገቡ፣ ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር ቡና ይዘን የምትጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «አቦ፣ ድሬ ላይ ምን ብከፍት ያዋጣኛል?» እኔም ከካናዳ ጓዜን ጠቅልዬ ስመለስ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ከሱ በፊት መጠየቅ የነበረብኝ ግን የምሸጠውን ዕቃ ዋጋ ማን እንደሚቆርጠው ነው።

ዳቦ ቤት ከፈትኩ። የድጎማ ፉርኖ ዱቄት በኮታ ታገኛለህ ተባልኩ። ውጭ ሳለሁ ስለ ነፃ ገበያ ጥቅም እስከ እኩለ ሌሊት የምከራከር ሰው ነበርኩ፤ ድጎማው ወደኔ ሲመጣ ግን ክርክሩን ረሳሁት፤ ፈርሜ ተቀበልኩ። ከዱቄቱ ጋር የዳቦው ዋጋም ተቆርጦ መጣ። ኮታው አንዳንዴ ሦስት ሳምንት ይዘገይ ነበር፤ ሲመጣም ይጎድል ነበር። የእርሾውን፣ የናፍጣውን፣ የሠራተኛውን ዋጋ ግን የሚቆርጥልኝ አልነበረም። ዱቄት ከገበያ ገዝቼ ልጋግር ብል፣ በተቆረጠው ዋጋ በሸጥኩት ዳቦ ሁሉ እከስር ነበር።

ሌሎቹ እንዴት ይኖራሉ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ምሥጢሩ ሚዛን ላይ ነበር። ዋጋው ንቅንቅ አላለም፤ ዳቦው ግን በየሳምንቱ ይከሳል። ምድጃውን አጥፍቶ ኮታውን አየር በአየር የሚሸጥም ነበር፤ ሳይጋግር ከኔ የተሻለ ያተርፋል። ሌባ ብሎ መሳደብ ይቀላል፤ እኔም ተሳድቤያለሁ። ግን አንድ ኩንታል ሁለት ዋጋ ካለው፣ ልዩነቱን ለማንሳት የሚያጎነብስ ሰው አይጠፋም።

ዶላሩም እንደዚያው ነበር። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ባንኩ 57 ብር አካባቢ ሲል ጥቁር ገበያው እጥፍ ገደማ ይል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው፣ ከሳምንታት በኋላ ባንኩም 100 ብርን አለፈ። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ያለው ነጋዴ ግን ብዙ አልደነገጠም፤ ድሮም ዕቃውን የሚያሰላው በጥቁሩ ዶላር ነበራ! የተጎዳው ጡረተኛውና ደመወዝተኛው ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል።

ስለ ቤት ለምትጠይቁኝ አጭር ነገር ልበል። ደርግ በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወርስ ኪራዩንም ቀነሰው። ተከራዩ ደስ አለው። የቀበሌ ቤት ኪራይ ግን ለቆርቆሮ መቀየሪያ እንኳ አይበቃም፤ ጣሪያው የሚያፈስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መሬቱ ዛሬም የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ከተማ ውስጥ የምታገኙት የሊዝ መብት ነው። ስለዚህ የደላላውን ወሬ ትታችሁ ካርታውን ሄዳችሁ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ።

የሌላ ሀገር ፓስፖርት ካላችሁ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ አውጡ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣ ነው፤ እንደ ሀገር ውስጥ ባለሀብት ለመቆጠር ያስችላችኋል፤ ያለሱ ከውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት የሚጠየቀው የ200,000 ዶላር ዝቅተኛ ካፒታል ይጠብቃችኋል። በነሐሴ 2014 የተመረቀውን የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና አይታችሁ የቀረጥ ነፃ ነገር ልባችሁን ቢያሞቀው አልፈርድም፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡርም ቅርባችን ነው። ግን ማታ ቁጭ ብላችሁ ሂሳቡን ያለ ቀረጥ ነፃው አንድ ጊዜ ሥሩት። ያኔ ከከሰረ፣ የከፈታችሁት ንግድ ሳይሆን የቀረጥ ነፃ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ ይሻራል።

እኔ በመጨረሻ ኮታውን መለስኩ። ዱቄቱን ከገበያ እገዛለሁ፤ ዋጋውንና ግራሙን ግድግዳው ላይ ጽፌያለሁ። የመጀመሪያው ወር ስድብ ነበር። ከዚያ የሻይ ቤቶቹ ባለቤቶች መጡ፤ ዳቦው ስለማይቋረጥባቸው ነው። ዱቄት ሲረክስ እኔም እቀንሳለሁ፤ ካልቀነስኩ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ይወስዳቸዋል።

አንድ ነገር ግን ገበያው አልመለሰልኝም። በኮታው ጊዜ ከንጋት ጀምረው የሚሰለፉ አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ፤ አራት ዳቦ ነበር የሚወስዱት። ለእንዲህ ያሉት የዳቦን ዋጋ ከማሰር ብር እጃቸው ላይ ማድረግ ይሻላል ባይ ነኝ፤ በ2009 ድሬዳዋንና ሐረርን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት መንገዱ ይህ ነው። እሳቸው ግን ስማቸው እዚያ መዝገብ ላይ የለም። ባለፈው መጥተው «ልጄ፣ ግራሙ ዛሬ ስንት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አንድ ገዝተው ሄዱ።