ንጉሠ ነገሥቱ ሴኔቱን «በተነው» ወይስ «በተኑት»?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ከጓደኞቼ ጋር ፊልም በአማርኛ እየተረክን እንለቃለን። አሁን ስታር ዋርስ ላይ ደርሰናል። የፊልሙን ክፉ ንጉሠ ነገሥት ፓልፓቲንን አንዳችን «እሱ»፣ ሌላችን «እሳቸው» እያልን ጣና ዳር ተጨቃጭቀን ሳንስማማ ተነሣን። እንዲህ ያለ ክፉ ሰው አንቱ ይባላል? «ንጉሠ ነገሥት» ማለትስ ያስኬዳል? ከሪፐብሊኩ የወጡትን ተገንጣዮች ደግሞ «የነጻ ሥርዓቶች ኮንፌዴሬሽን» ብለናቸዋል።

መልስ፦ አንቱታ የጠባይ ሽልማት አይደለም። ተናጋሪው የት እንደቆመ ነው የሚያሳየው። የሚጠሉትን አለቃ ፊት ለፊት «እርስዎ»፣ ዞር ሲል «እሱ» ማለት ለማናችንም እንግዳ አይደለም።

በ1977 በወጣው ፊልም (የፊልሞቹ ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው) ታርኪን የጦር አለቆቹ ወዳሉበት ስብሰባ ገብቶ ሴኔቱ መበተኑን ይናገራል። የዙፋኑ ሹም ነውና «ግርማዊነታቸው ሴኔቱን በትነውታል» ይበል። ያንኑ ወሬ አማፂዎቹ ሲያወሩት «በተነው» ይሁን። እንግሊዝኛው ይህን መለየት አይችልም፤ እናንተ በአንድ ግስ ወገን ታስለያላችሁ። የንጉሠ ነገሥቱ ቀኝ እጅ ቬደርም ተንበርክኮ «ምን ያዝዙኛል ጌታዬ?» ነው የሚለው።

የሚከብደው የተራኪው ድምፅ ነው። በ1999ኙ ፊልም ፓልፓቲን ጨዋ መሳይ ሴናተር ነው፤ በዚያው ቻንስለር፣ ማለትም የሪፐብሊኩ መሪ፣ ይሆናል። እኔ ብሆን እስከ 2005ቱ ፊልም ድረስ «እሳቸው» እያልኩ ቆይቼ፣ ጉዱ ሲወጣ ወደ «እሱ» አወርደው ነበር። ተመልካቹ ሳይነገረው ይገባዋል።

«ንጉሠ ነገሥት» ያስኬዳል። ከበታቹ ነገሥታት ያሉት ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ለጎጃሜ ማስረዳት አያስፈልግም። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ጎጃም ላይ ሲነግሡ፣ ዘውዱን የሰጧቸው ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ ነበሩ። በፊልሙም ንግሥቶችና ልዕልቶች ሞልተዋል። ብቻ አንድ ወጥመድ አለ፦ ናቡ የምትባለው ፕላኔት ንግሥቷን በምርጫ ነው የምታነግሠው፣ ዘመኗም የተገደበ ነው። «ንግሥት» ሲባል ሰዉ የዘር ዙፋን ስለሚመስለው አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጉ።

ለፓልፓቲን ግን «ዘውድ ደፋ» እንዳትሉ። የደፋው ቆብ ብቻ ነው! በ2002ቱ ፊልም ሴኔቱ ራሱ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ሰጠው፤ በሚቀጥለው ሪፐብሊኩን ወደ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሲለውጥ ያው ሴኔት አጨበጨበለት። «ራሱን ንጉሠ ነገሥት አደረገ» ይበቃል። «በመፈንቅለ መንግሥት» የሚል ካስገባችሁም አውጡት፤ ታሪኩን ያበላሻል።

«የነጻ ሥርዓቶች» የሚለውን ቀይሩት። በእንግሊዝኛው «ሲስተም» የተባለው ኮከብና በዙሪያው ያሉት ፕላኔቶች ነው፤ «ሥርዓት» ሲባል ግን የአገዛዝ ዓይነት ይመስላል። «የነጻ ዓለማት ኮንፌዴሬሽን» በሉት። «ተገንጣይ» ደግሞ በሪፐብሊኩ ሰዎች አፍ ያምራል። መሪያቸው ካውንት ዱኩ ስለ ወገኖቹ ሲናገር «እኛ ተገንጣዮች» ካላችሁት ሰውየው በራሱ ላይ ይመሰክራል።