ሥራሽን ሳትለቂ ጀምሪው

ጥያቄ፦ «ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ በአንድ ኩባንያ ውስጥ ሶፍትዌር አበለጽጋለሁ። በተማርኩበት ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች የቴክኖሎጂ ተጠቃሚ ብቻ ሳይሆኑ ፈጣሪም እንዲሆኑ ማነሣሣት እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤቱ ግን ኢንተርኔት የለውም፤ የሚሠሩት ኮምፒውተሮችም ጥቂት ናቸው። ሥራዬን ለቅቄ ድርጅት ላቋቁም ወይስ ኮምፒውተር የሚለግስ ልፈልግ?»

እህቴ፣ ሁለቱም ይቆዩ። ድርጅት ማቋቋም የሚያስችል ዐዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1113/2011 ነው። ነገር ግን ገና አንድ ልጅ ሳታገኚ በምዝገባና በሪፖርት መጠመድ ምን ይረባሻል? ልገሳውንም ቢሆን መነሻ አታድርጊው። ኮምፒውተሩ እያለ «ንብረት እንዳይበላሽ» ተብሎ ክፍሉ የሚቆለፍበት ትምህርት ቤት ጥቂት አይደለም። አሁን የሚያስፈልግሽ አንድ ፈቃደኛ መምህርና የማይሰረዝ የቅዳሜ ከሰዓት ነው።

የአፍሪካ ልጆች ፈጠራ ሲወሳ የማላዊው ዊሊያም ካምኳምባ ስም መነሣቱ አይቀርም። በረሃብ ምክንያት የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቶ ከትምህርት የቀረው ይህ ታዳጊ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ከብስክሌት ክፍሎች፣ ከትራክተር ማራገቢያና ከባሕር ዛፍ እንጨት በነፋስ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሠራ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ብቻውን ሁሉን እንደተወጣ ጀግና ተደርጎ ነው። በትረካው የሚዘለለው ግን አንቺን የሚመለከተው ክፍል ነው። በአካባቢው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነበረች፤ እንግሊዝኛው ገና ያልጠናው ልጅ ሥዕሎቹን እያስተዋለ የተማረው እዚያ ባገኘው መጽሐፍ ነው። ማማውን ሲያቆም የአጎቱ ልጅና ጓደኛው አግዘውታል። ወደ ትምህርት ገበታ የተመለሰውም ሥራውን ያዩ ሰዎች በር ከከፈቱለት በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአሜሪካው ዳርትመዝ ኮሌጅ ተመረቀ።

የሴራሊዮኑ ኬልቪን ዶ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይቀርብሻል። በፍሪታውን ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ቁሳቁሶች ባትሪና የሬዲዮ ማሰራጫ ይሠራ ነበር። ያገኘው የአገሩ ልጅ ዴቪድ ሴንጌ ነው፤ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ ለሴራሊዮን ታዳጊዎች የፈጠራ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ኬልቪን ወደ ኤምአይቲ ተጋበዘ። ሴንጌ የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር የሆነው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ ገና ተማሪ ነበር። አንቺም አንቱ እስክትባዪ አትጠብቂ።

ልጆቹን ስታገኚ ከኮድ አትጀምሪ። የታላላቅ ኩባንያ ባለቤቶችን ገድልም አትተርኪላቸው፤ አጨብጭበው ይለዩሻል። ይልቅስ በቤታቸውና በሰፈራቸው ሰው የሚያማርርበትን ነገር ለአንድ ሳምንት እየመዘገቡ እንዲመጡ ንገሪያቸው። አንዱ «ውኃ የለም» ይልሻል። ይህ ለከንቲባም የከበደ ጉዳይ ስለሆነ በጥያቄ አጥብቢው። በየስንት ቀኑ ትመጣለች? በስንት ሰዓት? መምጣቷን በምን ታውቃላችሁ? «ሌሊት ስለምትመጣ እናቴ ተነሥታ ትጠብቃለች» ያለ ዕለት ሥራ ተገኘ ማለት ነው፤ የሚፈታው ችግር የእናቱ እንቅልፍ ነው። ተንሳፋፊ የፕላስቲክ ክዳን፣ ሁለት ሽቦ፣ ድንጋይ ባትሪና ከተሰበረ መጫወቻ የወጣ ድምፅ ማሰሚያ ይበቃል፦ ውኃው ከቧንቧው ሥር ባለው ባልዲ ውስጥ ከፍ ሲል ክዳኑ አንዱን ሽቦ ገፍቶ ከሌላው ጋር ያገናኛል፣ ደወሉ ይጮኻል። መጀመሪያ አይሠራም። እዚህ ላይ እጅሽን ሰብስቢ፤ አንቺ ካስተካከልሽው ፈጣሪዋ አንቺ ትሆኛለሽ።

ኮምፒውተሩ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ስክራች የተባለው ለልጆች የተዘጋጀ ነፃ የፕሮግራም መማሪያ በፍላሽ ተወስዶ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከፍ ላሉትና በስልክ ኢንተርኔት ለሚያገኙት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ነፃ ሥልጠና ጠቁሚያቸው።

ሴቶቹን በተለይ አደራ። አንድ ኮምፒውተር ለአራት ልጆች ሲደርስ ማውዙ ከወንዶቹ እጅ አይወጣምና በሰዓት አፈራርቂያቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከናይጄሪያ አናምብራ ግዛት የመጡ አምስት ሴት ተማሪዎች ሐሰተኛ መድኃኒት የሚለይ የስልክ መተግበሪያ ሠርተው ቴክኖቬሽን በተባለው ዓለም አቀፍ የልጃገረዶች የቴክኖሎጂ ውድድር በታዳጊዎች ምድብ አሸንፈዋል። እነርሱም ከጎናቸው መካሪ ነበረቻቸው። ውድድር ግን የሥራው ማሞቂያ እንጂ ግቡ አይሁን። በዐውደ ርዕይ ታይቶ፣ ከባለሥልጣን ጋር ፎቶ ተነሥቶ፣ ምስክር ወረቀት ተቀብሎ በማግስቱ ጠያቂ ያጣ ልጅ ጨርሶ ካልተጋበዘው ይልቅ ይከፋዋል ባይ ነኝ።

ለራስሽ ሙያ ምን እንደሚጠቅምሽ አልጠየቅሽም፤ ብትጠይቂም ነውር አልነበረም። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ የገባ ማብራሪያ ለሥራ አስኪያጅም ይገባል። ቡድን መምራትንም ሹመት ሳትጠብቂ ትለማመጃለሽ። በሥራ ማመልከቻሽ ላይ «በጎ ፈቃደኛ ነበርኩ» ብለሽ አትለፊው፤ ልጆቹ ምን እንደሠሩና ያንቺ ድርሻ ምን እንደነበር በሁለት መስመር አስፍሪ።

ርዕሰ መምህሩን ለማነጋገር ስትሄጂ የአንድ ወሰነ ትምህርት ዕቅድ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ያዢ። ሥራው በሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበቡ ሥር ይሁን፤ መምህር በሌለበት ከልጆቹ ጋር አትገናኚ፣ ወላጆችም ይወቁ። በመጀመሪያው ቀን ክፍሉ ይሞላል፤ ከወር በኋላ አምስት ወይም ስድስት ልጆች ቢቀሩሽ አትደንግጪ፣ በእነርሱ ቀጥዪ።