የካፓሲተር ዓይነት በድምፅ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እንዴት ይለካል?

ጥያቄ፦ የቆየ ስቴሪዮ አምፕሊፋየሬን ያየልኝ ባለሙያ፣ በመግቢያው ላይ ያሉትን ኤሌክትሮሊቲክ (ውስጣቸው ፈሳሽ ያለባቸው) ካፓሲተሮች በውድ የፖሊፕሮፒሊን (የፕላስቲክ ፊልም) ካፓሲተሮች ብቀይራቸው ድምፁ «ይከፈታል» አለኝ። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ነገሩን በመለኪያ ማረጋገጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ግን ሲግናሉ ሲያልፍ በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች መካከል ምን ያህል ቮልቴጅ እንደሚያርፍ ነው። ካፓሲተር ድምፅን የሚያዛባው በላዩ ያለው ቮልቴጅ ሲለዋወጥ ቻርጅ የመያዝ አቅሙም (በማይክሮፋራድ የሚለካው) አብሮ ስለሚዋዥቅ በመሆኑ፣ ቮልቴጁ ኢምንት በሆነበት ቦታ መዛባቱም ኢምንት ይሆናል። ካፓሲተሩ 1 ማይክሮፋራድ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሬዚስተር 10 ኪሎ ኦም ቢሆን፣ በ20 ኸርዝ ከሚገባው 1 ቮልት ውስጥ 0.62 ቮልት ያህሉ በካፓሲተሩ ላይ ይታያል፤ ካፓሲተሩ ወደ 10 ማይክሮፋራድ ቢያድግ ግን ወደ 0.08 ቮልት ይወርዳል። ስለዚህ መጠኑ ከፍ ያለ ተራ ኤሌክትሮሊቲክ በጥቂት ብር ችግሩን ከሥሩ ሊያቃልለው ይችላል። የ10 ማይክሮፋራድ ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ በግዝፈቱ ምክንያት ከቦርዱ ላይ አልገባ ከማለቱም በላይ፣ ከትራንስፎርመሩ የሚመጣውን እዝዝታ ወደ ራሱ ሊስብ ይችላል።

ለልኬቱ ደህና ሳውንድ ካርድ ያለው ኮምፒውተርና የሲግናልን ስፔክትረም፣ ማለትም በየድግግሞሹ ያለውን መጠን፣ የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። በቅድሚያ የካርዱን መውጫ ከመግቢያው ጋር በቀጥታ አገናኝተው የራሱን መዛባት ይመዝግቡ፤ ይህ ሳይታወቅ የሚገኝ ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም። ከዚያ ካፓሲተሩንና ሬዚስተሩን በመካከል አስገብተው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሃርሞኒክ (መዛባቱ በሲግናሉ ድግግሞሽ ሁለትና ሦስት እጥፍ ላይ የሚፈጥረውን ድምፅ) በ1,000 ኸርዝም በ20 ኸርዝም ያነጻጽሩ። በ1,000 ኸርዝ ልዩነት ባያዩ አይገረሙ፤ ልዩነት ካለ የሚገለጠው ከታች፣ በባሱ በኩል ነው። መለኪያዎ ትንሽ መዛባትን መለየት መቻሉን ለመፈተን፣ የኤክስ 7 አር (X7R) ዓይነት ባለ 1 ማይክሮፋራድ ትንሽ ሴራሚክ ያስገቡ፤ አቅሙ ከቮልቴጅ ጋር የሚዋዥቅ በመሆኑ ሦስተኛው ሃርሞኒክ ከፍ ብሎ መታየት አለበት።

በእኔ አስተያየት ባለሙያዎ የሰማው «መከፈት» ከዓይነቱ ይልቅ ከዕድሜ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ኤሌክትሮሊቲክ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲደርቅ አቅሙ ይቀንሳል፣ ውስጣዊ ሬዚስታንሱም ይጨምራል፤ ስለዚህ አሮጌውን ከአዲስ ፖሊፕሮፒሊን ጋር ሳይሆን ከአዲስ ኤሌክትሮሊቲክ ጋር ያወዳድሩት። በጆሮም መፍረድ ከፈለጉ የሁለቱን የድምፅ መጠን ልዩነቱ ከ0.1 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ያስተካክሉና የትኛው እንደተያያዘ እርስዎ ሳያዩ ሌላ ሰው ይቀያይርልዎ። አምፕሊፋየሩን ከመክፈትዎ በፊት ግን ከሶኬት ይንቀሉት፤ የፓወር ሰፕላዩ ትልልቅ ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ስለሚይዙ በሬዚስተር ያራግፏቸው።